አንዲት ጠብታ የማያስቀሩት የወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን በየካቲት ወር 1940 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሾፌር አባታችንና ልብስ እያጠቡ ካሳደጉን እናታችን ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ዘመድ ሲቀልድ መኪናውን ከአባት፣ እጥበቱን ከእናት ወሰደ ይል ነበር፤ እሳቸው ግን ቀልድ አይወዱም። ሰው ሲሞት ደግ ነበር፣ ትሑት ነበር ይባላል። ወንድሜ ነጭናጫ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ነኝ፤ ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ችያቸዋለሁና እውነቱን ብናገር ይፈቀድልኝ።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። የአባታችን ዓይን ሲደክም ግን በ1956 ዓ.ም. ከነዳጅ ማደያ ጀርባ በነበረ መኪና ማጠቢያ ሥራ ጀመሩ። በገቡ በሳምንታቸው የአንድ ሐኪም ጥቁር መኪና በቀትር ፀሐይ አጥበው፣ ሳያደርቁት ምሳ ሄዱ። ሲመለሱ መኪናው ከጣሪያው እስከ ኮፈኑ ነጭ በነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ጠበቃቸው። ሐኪሙ አልተቆጡም፤ ጣታቸውን አንዱ ነጥብ ላይ አድርገው ዝም ብለው አዩአቸው። ያ ዝምታ ወንድሜን ዕድሜ ልካቸውን ሲቆጠቁጣቸው ኖረ።

ከዚያ ወዲህ በፀሐይ አጥበው አያውቁም። መኪናውን ጥላ ውስጥ ያስገባሉ፤ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ በእጃቸው ጀርባ እየዳሰሱ ይጠብቃሉ። ከጣሪያ ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ። ለጎማ ሌላ ባልዲና ሌላ ስፖንጅ ነበራቸው፤ ያንን ስፖንጅ በስህተት ያነሳ ሰው ወዮለት። በመጨረሻም ውሃውን ሳይረጩ ከቱቦው ቀስ አድርገው ያፈሱታል፤ እንዳይንጠባጠብ፣ ተያይዞ እንዲወርድ ነው። ከዚያም ውሃው በራሱ ሳይደርቅ፣ ሳይፈትጉ፣ በለስላሳ ጨርቅ ይቀድሙታል። ውሃ ራሱን ካደረቀ ስሙን ጽፎ ይሄዳል ይሉ ነበር። በር ከፍተው ማጠፊያው ሥር የተደበቀችውን የመጨረሻ ጠብታ ሳይቀር ፈልገው ስለሚያብሱ ደንበኞቻቸው «ጠብታ» የሚል ስም አወጡላቸው።

በ1965 ዓ.ም. ከማጠቢያው ፊት ለፊት ልብስ ይሰፉ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። ነገሩ የተጀመረው በጨርቅ ነው። የማድረቂያ ጨርቁ ጠርዝ ቀለም እየጫረ ቢያስቸግራቸው፣ ልብስ ሰፊዋ ስፌቱን ፈትተው በለስላሳ ክር መልሰው ሰፉላቸው። ባለቤታቸው በልጅነታቸው በር ጨፍልቆባቸው የግራ እጃቸው የቀለበት ጣት አጭር ነበረች። የወንድሜ የቀኝ አውራ ጣት ደግሞ ኮፈን ወድቆባት ጠፍጣፋ ናት። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙሉ ሰው ይወጣናል እየተባባሉ ይስቁ ነበር። ቀልድ የማይወዱት ሰውዬ የሚስቁት በዚህ ብቻ ነው። በ1967 ሴት ልጃቸውን፣ በ1970 ወንድ ልጃቸውን ወለዱ። ቆይተውም የራሳቸውን ማጠቢያ ከፈቱ፤ አንዲት ጥቁር ሰማያዊ መኪናም ገዙ።

በ2005 ዓ.ም. ባለቤታቸው በጠና ታመሙ። ወንድሜ በዚያችው መኪና ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዷቸው፣ ከኋላ ተቀምጠው ግራ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ነበር። ወደ ቤት አልተመለሱም። በቀብሩ ማግስት ወንድሜ ባልዲያቸውን አወጡ። ሐዘናቸው ይውጣላቸው ብለን ተውናቸው። መኪናዋን ከውጭም ከውስጥም አጥበው፣ መስታወቱን ወልውለው፣ ጨርቁን እየጨመቁ ሳለ እጃቸው ቀጥ አለ። ሥራ የለመደው እጃቸው የባለቤታቸውን የመጨረሻ አሻራ ጠርጎታል። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ዞራ ፊታቸው ላይ ስታርፍ እንኳ አልተነሱም።

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲገባ አንድ ጠዋት ጠሩኝ። የመኪናዋ መስታወት ሁሉ ጉም ለብሷል። በግራው የኋላ መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል መዳፍ አለ፤ የቀለበት ጣቷ አጭር ናት። ሙያቸውን የወረሰው ልጃቸው አይቶ፣ ቅባቱ በደንብ ስላልለቀቀ ነው አለ። ወንድሜ ሥራቸው ተነቅፎ ደስ ሲላቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔም ቅባት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በ2010 ግን ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ድንጋይ ያንን መስታወት አደቀቀውና አዲስ ተገጠመ። በማግስቱ ጠዋት መዳፉ አዲሱ መስታወት ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ቅባት ያነሳ ሰው የለም።

ወንድሜ ያንን መስታወት አላጠቡም፣ አላሳጠቡም። አንድ ቀን ረስቼ የኋላውን በር ስከፍት፣ «ወደ ፊት ነይ፤ ተይዟል» አሉኝ። ቀልድ እንደማይወዱ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸውን ታመው አልጋ ያዙ። ልጆቻቸው ሳይሰለቹ አስታመሟቸው። ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት ሌላውን ሁሉ አስወጥተው፣ መኪናዋን እንዳጥብላቸው አዘዙኝ። «መስታወቱንም። እስከ ዛሬ እኔ ነኝ ያስቀረኋት» አሉ። አልችልም አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንደምችል ያውቃሉ፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ግን እኔም እኮ በየብርዱ ጠዋት ያንን መዳፍ ሰላም ብዬ ነበር የማልፈው።

ወንድማችን ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ባልዲውን አወጣሁ። ጥላው እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ ብረቱን በእጄ ጀርባ ዳሰስሁ። ባለቤታቸው በሰፉት ጨርቅ መስታወቱን ከውስጥ ወለወልሁት፣ ተነፈስሁበት፣ ደግሜ ወለወልሁት። ምንም አልቀረም። በሮቹን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ።

ዛሬ ጠዋት፣ ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ወጥቼ አየኋት። የኋላው መስታወት ጉም ብቻ ነው። ባለቤታቸውን ሁለተኛ የቀበርኳቸው መስሎኝ አለቀስሁ። ወደ ቤት ልመለስ ዞር ስል ግን የፊቱን አየሁ። ከሾፌሩ ጎን ካለው ወንበር በኩል መስታወቱ ላይ መዳፍ አለ፤ የቀለበት ጣቷ አጭር ናት። መኪናዋን ዞሬ ወደ ሌላው ጎን ሄድሁ። በሾፌሩ በኩልም አንድ መዳፍ አለ፤ አውራ ጣቱ ጠፍጣፋ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ መኪናዋ ለቀብሩ ትውጣ ያላችሁኝ ዘመዶች ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ቁልፉን ለማንም አልሰጥም።

ወንድማችን ሁለት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፀሐይ በማይደርስበት ጥላ ያሳርፍልን።

ወንድም ጋሼ፣ አንዲት ጠብታ አላስቀረሁም።