የመጨረሻዋ ኮሌታ

ለክቡር ዶን ኢላሪዮን ባርሴና፣
የፑዌብላ ከተማ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ሊቀመንበር፣
ባሉበት ቦታ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎስ? ተደብቆ፣ አጎንብሶ መኖር ላልለመደ ሰው ከባድ ነውና ከልቤ አዝኜልዎታለሁ። እኔ የፓርቲዎን ኮሌታዎች አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በአሚዶ ያቆምኩት አጣቢዎ ቶማሳ፣ ይህን ወረቀት በገበያው በር ላይ የለጠፍኩት አድራሻዎን የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

አንደኛ፣ ላስተማሩኝ ፖለቲካ አመሰግናለሁ። ፓርቲው በእርስዎ ሳሎን ሲመሠረት ዘጠኝ ኮሌታ ተኮስኩ። ሥልጣን ሲይዝ ሁለት መቶ ደረሰ፤ ትናንት ሊበራል ነኝ ሲል ያመሸው ሁሉ ጠዋት ኮሌታውን ይዞ ደጄ ላይ ተሰለፈ። ንጉሠ ነገሥቱን ከባሕር ማዶ ያስመጣችሁልን ጊዜማ እጄ ተላጠ። እርስዎም ከሰገነት ሆነው «የአባቶቻችንን አንዲት ድንጋይ አናነቃንቅም!» ባሉ ማግስት፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ሠረገላ ማለፊያ ተብሎ የሴት አያቴ አጥር ፈረሰ። ድንጋዩ የእናቶቻችን ሆኖ ነው መሰለኝ።

ሁለተኛ፣ ዳቦ ጋጋሪውን ባለቤቴን ኤውሎሂዮን ለከተማዋ መከላከያ ሲወስዱት «አይዞሽ ቶማሲታ፣ በሦስት ሳምንት ይመለስልሻል» ስላሉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከተማዋ በሚያዝያ በሊበራሎቹ ወታደሮች ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ ተረሸኑ፤ ከሁለት መቶው ባለኮሌታ ዛሬ የፓርቲው አባል ነበርኩ የሚል አንድ እንኳ ጠፋ። የሞቱትና የተማረኩት ስም ዝርዝር ግን በእርስዎ ሻንጣ ውስጥ ነው አሉ። እንግዲህ ጥቁር ልልበስ ወይስ ራቱን ላቆይለት? ኧረ በእመቤታችን ይንገሩኝ! ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ በትሕትና ነው የተናደድኩት።

ሦስተኛ የለኝም። ሁለተኛው ይበቃኛል።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ አሚዶዬ ገና ያላለቀ፣ ሚስት ልሁን መበለት ያላወቅሁ ታዛዥዎ፣
ቶማሳ ኦልቬራ
ፑዌብላ፣ ሐምሌ 1867 እ.ኤ.አ.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቤቷ ወንድ ከጠፋበት ስድስት ዓመት የሆነው አንዲት መበለት ደንበኛ አለችኝ። ከሚያዝያ ወዲህ በየሰኞው ከምትልክልኝ ልብስ መሃል አንዲት የወንድ ኮሌታ አገኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ወፍራም አንገት ደግሞ በከተማው አንድ ብቻ ነው። ተደብቀውም ኮሌታዎ እንዳይላላ መጠንቀቅዎ አኩርቶኛል። የደንበኛዬን ስም ለማንም አልጠራሁም። ነገር ግን የፊታችን ሰኞ ዝርዝሩ በኮሌታው ተጠቅልሎ ይምጣልኝ፤ እርስዎ የእኔ ባለቤት የት እንዳለ ካልነገሩኝ፣ እኔም የኮሌታው ባለቤት የት እንዳለ ለወታደሮቹ እናገራለሁ።