ቃል ለሌለው ዜማ ስለተጠየቀ ማብራሪያ

ለተከበሩ አቶ ባምላክ፣
የኪነ ጥበብ ፈቃድ ክፍል ኃላፊና የንጋት አዳራሽ ቁልፍ ያዥ፤
ማርቆስ።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በአራት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ቢሮዎ ደጅ ቆሜ ሳላገኝዎት በመመለሴ ስለ ጤናዎ ከልቤ መስጋት ጀምሬያለሁ። ስብሰባው እንዳልጎዳዎት፣ ወንበርዎም እንደሚመችዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ብቻ አቅቶኛል። ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው እየተነሳሁና እየተቀመጥኩ ነው።

የማያውቁን አንባቢዎች እንዳይቸገሩ ራሳችንን ላስተዋውቅ። እኔ ሙሉብርሃን ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ሳክስፎን እጫወታለሁ። የኔአለም ኪቦርድ ይጫወታል፤ ጌታሰው ከበሮውን በዱላ ሳይሆን በብሩሽ ይዳስሳል። የአባቶቻችንን ኮት ለብሰን፣ በአባቶቻችን ወጣትነት ይደመጥ የነበረውን ዝግ ያለ ጃዝ እንጫወታለን። የምትዘፍንልን እቴናት ናት። ቀን ቀን በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የበሽተኞችን ስም ስትጠራ ትውላለች፤ ማታ ከእኛ ጋር ስትለማመድ ግን አብዛኛውን ያለ ቃል ታንጎራጉራለች። ቃል ሰለቸኝ ትላለች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ማመልከቻ ቅጹ አመሰግናለሁ። ቅጹ ላይ «ባህላዊ» እና «ዘመናዊ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። እኛ «የድሮ ዘመናዊ» ብለን ጎኑ ላይ በመጻፋችን ጉዳዩ ለአንድ ወር ተጠንቶ፣ ሦስተኛ ሳጥን ለመክፈት የበላይ አካል መፍቀድ እንዳለበት ተነግሮናል። አንድ ሙሉ ቢሮ ለአንዲት ሳጥን ይህን ያህል ሲጨነቅ ማየት ያጽናናል።

ሁለተኛ፣ የግጥሙ ጽሑፍ በሦስት ቅጂ ይቅረብ ስለተባለው። ግጥም የለውም ብዬ ባስረዳም «የሚባለው ነገር ይጻፍ» ተባልኩ። ስለዚህ «እም... እም... አሃ... እም» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ፣ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ባለው የወይዘሮ ማሬ ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝቼ አስገባሁ። ኮሚቴዎ ለአሥራ ስድስት ቀን መርምሮ በማኅተም መለሰልኝ፦ «ሰሙ ታይቷል፤ ወርቁ ተብራርቶ ይቅረብ።» ቅኔ በሚፈታበት አገር ተወልጄ አድጌ፣ እስከዛሬ የማንጎራጎርን ኅብር የፈታ ሊቅ አላየሁም ነበርና ለኮሚቴው ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም።

ሦስተኛውን ምስጋና ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም፤ እንደሆነው ልንገርዎት።

የእቴናት አባት የዲማው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ልጃቸው መዝፈን ከጀመረች ሰባት ዓመት ሆኗል፤ በእነዚያ ዓመታት ቤታቸው ስትሄድ ስለ ጤና ጣቢያው ይጠይቋታል እንጂ ስለ ሌላው አንስተው አያውቁም። ዘንድሮ ግን ሰው ልከው፣ «ቀን ቁረጪና ንገሪኝ፤ መጥቼ እሰማለሁ» አሏት። እሷም ቢሮዎ በቃል የፈቀደልንን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ ብላ ላከችባቸው።

ቅዳሜ ደረስን። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው አቶ አምባዬ በሐፍረት መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ቁልፉ እሳቸው ኪስ ነው። ማብራሪያው ሳይመጣ አይከፈትም ብለው ወደ ሉማሜ ለስብሰባ ሄደዋል» አሉን። ስልክዎን ደወልኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ። የኔአለም ኪቦርዱን ታቅፎ እንደቆመ ነው። የእቴናት ዓይን ከመንገዱ አልተነቀለም።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ከዲማ ሌሊት ተነስተው፣ በቁይ በኩል ከፊሉን በእግር ከፊሉን በመኪና ነው የመጡት። የተቆለፈውን በር አዩ፣ እኛን አዩ።

«እዚህ ነው የምትሉት?» አሉ።

«እዚሁ ነው አባ» አለች እቴናት፤ ደረጃው ላይ ቆመች።

ወይዘሮ ማሬ የፎቶ ኮፒ ማሽኗን ነቅላ የኤሌክትሪክ ገመዱን መንገድ አሻግራ አቀበለችን። ጀመርን። ያካፋ ነበር፤ ባጃጆች ቆሙ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሸክማቸውን አወረዱ። እቴናት ዓይኗን ጨፍና አንጎራጎረች፤ ድምጿ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቆይቶ ጸና። መሪጌታ ወንበር ቢቀርብላቸው እምቢ ብለው እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙ። ፊታቸው ላይ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

ስንጨርስ ጠጋ አሉና፣ «ይህን የዜማ አወራረድ ማን አስተማረሽ?» አሏት።

«እርስዎ ነዎት። ለተማሪዎቹ ሲያዜሙ ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር።»

መቋሚያቸውን አስተካክለው ያዙ። ከዚያ፣ «ሁለተኛው ዙር ላይ ስትወርጂ ቸኮልሽ» አሏት። «እንደገና በይው።»

እንደገና አለችው። እጃቸው በጋቢው ሥር የዜማውን ምት ሲቆጥር አየሁ።

አዳራሹ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ መሪጌታ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሰምተው፣ ምንም ሳይናገሩ ወደ ዲማ ይመለሱ ነበር ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ስለ ቆለፉልን በር ያለኝ ምስጋና እውነተኛ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እውነተኛው ምስጋናም እሱ ብቻ ነው።

ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ስብሰባዎ እንዳይታጠፍ፣ ከወንበርዎም የሚያስነሳ ጉዳይ እንዳይገጥምዎት እየተመኘሁ፣ በደጅዎ መቆም የለመድኩት ታዛዥዎ፣

ሙሉብርሃን ጌቱ

ተጨማሪ፦ ትናንት ከቢሮዎ ተደውሎ፣ በመጪው ቅዳሜ ለሚመጡ እንግዶች ምሳ ላይ «ለስለስ ያለ ነገር» እንድንጫወት በትሕትና ተጠይቀናል። እቴናት ቅዳሜ ቅዳሜ አትገኝም፤ አባቷ ዘንድ እየተማረች ነው። እንግዶቹ ሊሰሟት ከወደዱ ዲማ ድረስ ይዘዋቸው ይሂዱ። መሪጌታ ደጃቸው ለመጣ ሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ የሚጠይቁት ዝም ብሎ ማዳመጥን ብቻ ነው። ይህ ከቢሮዎ አሠራር ጋር የሚጋጭ ከሆነ በሦስት ቅጂ ያሳውቁን።