ስለ አራቱ ደረጃዎችና ስለ እምነታችሁ ጽናት

ጋርላንድ፣ ቴክሳስ፤ ኦክቶበር 1996

ለቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ቦርድ

በጌታ የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ ሰላማችሁ ይብዛ፤ ጤናችሁን፣ በተለይም የወገባችሁን ጤና፣ ዘወትር እመኛለሁ።

እኔ ሲላስ ነኝ፤ ባለፈው ዓመት ፋሲካ ሰሞን ጣሪያው አፈሰሰ ባላችሁ ጊዜ የራሴን መሰላል ይዤ የመጣሁት፣ አሸንዳውን ልጠግን ወጥቼ፣ ወድቄ ኅብለ ሰረሰሬ የተጎዳው ወንድማችሁ። ከወገቤ በታች ያለው አካል ከዚያ ቀን ወዲህ የእኔ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም።

አስቀድሜ ላመስግን። ማገገሚያ ሆስፒታል ሳለሁ የክፍሌ ሰዎች ሁሉ ወንዶች፣ ከእኔ በቀር ሁሉም ጎረምሶች ነበሩ። አንዱ መኪና ተገልብጦበት፣ አንዱን ጥይት አግኝቶት፣ አንዱ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ሮውሌት ያለው ሐይቅ ጥልቅ መስሎት በጭንቅላቱ ዘልሎ ነው። ሐኪሞቹ የእኔን ምክንያት «መውደቅ» ብለው በአንድ ቃል ሲጨርሱት፣ እናንተ ግን አልጋዬን ከባችሁ የተሰወረ ኃጢአት ይኖርብኝ እንደሆነ ሰፊ ጊዜ ወስዳችሁ ስለመረመራችሁልኝ ውለታችሁ አለብኝ። አሸንዳውን የመረመረ ግን አልነበረም።

አቤቱታዬ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ በየእሑዱ አራት ወንድሞች ከነዊልቸሬ አንስተው የመግቢያውን አራት ደረጃዎች ያወጡኛል፤ ልክ እንደ አዲስ ሶፋ። ባለፈው ወር ወንድም ማቲዎስ ወገቡን ይዞት አልጋ ላይ ውሏል። በዚህ አያያዝ ጉባኤው በየተራ የሚመጣው ሊጠይቀኝ ሳይሆን ሊቀላቀለኝ ነው።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ጽጌ ከደረጃው ጎን ለዊልቸር የሚሆን ተዳፋት መውጫ፣ ራምፕ፣ ይሠራልን ብላ ብትለምናችሁ፣ የተከበሩት ሰብሳቢ ጋሽ ጳውሎስ «ሲላስ ይነሣል ብለን እየጸለይን ራምፕ ከሠራን፣ ማለቴ፣ ተጠራጠርን ማለት ነው እኮ» ብለው መለሱላት። በእግሬ ላይ ያላችሁ እምነት እኔ ራሴ ካለኝ ይበልጣልና አፈርኩ። የአገሩ ሕግ ቤተ እምነትን በዚህ ጉዳይ እንደማያስገድድም አስታውሰዋታል፤ ሕግና እምነት እንዲህ ተስማምተው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ ሆሳዕና በዲሴምበር ታገባለች። ከጎኗ ሆኜ፣ ጎማዬን በገዛ እጄ እየገፋሁ መግባት እፈልጋለሁ፤ በሰርጓ ቀን አባቴን ይጥሉት ይሆን እያለች እንድትሳቀቅ አልፈልግም። እሷ ግን «ዳዲ፣ ኦኬ ነው፣ ፓርኪንጉ ላይ እናደርገዋለን» አለችኝ። ይህን ስሰማ ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስኩም። ድንዛዜው ወደ ላይ እየወጣ ሳይሆን አይቀርም።

ራምፑ ተሠርቶ ድንገት ከዳንኩ፣ በማግስቱ መዶሻ ይዤ መጥቼ አፈርሰዋለሁ። እጆቼ ይሠራሉ፣ ክብር ለጌታ ይሁን።

በፊታችሁ መቆም የተሳነኝ፣ መቀመጤ እንደ ንቀት እንዳይቆጠርብኝ የምማጠን፣ ከደረጃው ግርጌ ሆኜ በአክብሮት የምጠብቃችሁ ወንድማችሁ፣

ሲላስ

ማስታወሻ፦ ያ ጣሪያ እስከ ቅርብ ጊዜ ያፈስ እንደነበርና ባለፈው ሳምንት ባለሙያ ጠርታችሁ እንዳሠራችሁት ሰማሁ። ደግ አደረጋችሁ። ለጣሪያው ተአምር አለመጠበቃችሁ ጥርጣሬ ሆኖ እንዳይቆጠርባችሁ እየጸለይኩላችሁ ነው።