ለማክሰኞ የሰጠሁት ቀጠሮ

ወረታ፣ ሰኔ ፱ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

በወጣትነቴ የፈታችኝ ሚስቴ ዛሬ ችሎቴ ፊት ቆመች። ባሏ ታሞ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ስለሄደ፣ ጎረቤት የወሰደባቸውን በሬ ልታስመልስ እሷ መጣች። ምስክር ተሰምቶ አልቋል፤ የቀረው ፍርዱ ብቻ ነበር። እኔ ግን ለመጪው ማክሰኞ ቀጠርኩ። ጸሐፊው ግራ ገብቶት ቀና ቢል ጮህኩበት።

"ጌታዬ፣ ዝናቡ ገብቷል፤ በምን እንረስ?" አለች።

"በቀጠሮሽ ቅረቢ!"

ስወጣ በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ። ቀስ ብላ፣ "ልታየኝ ከሆነ ይኸው አየኸኝ። በሬያችንን ስጠን" አለችኝ።

በማታ ትምህርት ሕግ ተምሬ፣ ያለ ምክንያት የሚቀጥርን ዳኛ ሌባ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንገቴን ደፍቼ አልፌያት ሄድኩ።

ነገ ጠዋት አስጠርቼ መፍረድ አለብኝ። ከፈረድኩ ግን ማክሰኞ አትመጣም።