ጤነኛ ተብለው ያለፉት የወ/ሮ የኔአለም ገዳሙ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ የኔአለም ገዳሙ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገዳሙ ድረስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ሰንበት ባዘዘው፣ በምሥራቅ ጎጃም ይጁቤ ከተማ በ1968 ዓ.ም. ተወለዱ። ለእኛ ለአምስት ታናናሾቻቸው እንደ እናት ነበሩ፤ ጸጉራችንን የሚያበጥሩልን፣ ስናጠፋም የሚቆነጥጡን እርሳቸው ናቸው። ቁንጥጫቸው ደግሞ ቀላል አልነበረም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በይጁቤ፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ማርቆስ አጠናቀው በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ ሠለጠኑ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በደብረ ማርቆስ በጤና ጣቢያ ሲያገለግሉ እጃቸው ቀላል ስለነበር፣ መርፌ የሚፈራ ሁሉ «የኔአለም ካልሆነች አልወጋም» ይል ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከመምህር ይታያል አካለ ወልድ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በ2015 ዓ.ም. ጤነኛ ሰዎችን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ወደ ከተማችን መጡ። ምርመራው በባዶ ሆድ ነበርና ወ/ሮ የኔአለም በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውን ምእመን አስተባበሩ። ሰው ደሙን መስጠት ቢፈራ አስቀድመው የራሳቸውን ክንድ ዘረጉ። ውጤቱ ሲመጣ ስኳርም ግፊትም አልተገኘባቸውም። ነገር ግን ሰውነታቸው የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ለኢንሱሊን አልታዘዝ ማለት ጀምሮ ነበር፤ በደማቸው ያለው ኮሌስትሮልም ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ፣ ቆይቶ እንደተበላሸ ዘይት ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ሁለቱ ነገሮች በጤነኛ ሰው ላይም አብረው እንደሚታዩ፣ የተበላሸው ኮሌስትሮል የልብን ደም ሥር እንደሚጎዳ አስረድተው ክትትል እንዲያደርጉ መከሯቸው። ቤተ ዘመዱ ግን «ስኳር የለባቸውም» የሚለውን ብቻ ሰምቶ እልል አለ። ቀጭን፣ ጿሚ፣ ዳገቱን ያለ ዕረፍት የሚወጡ ሴት ምን ይሆናሉ? እርሳቸውም ሌላውን ሁሉ ተመርመሩ እያሉ ሲወተውቱ ለራሳቸው ጊዜ አጡ።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲጋመስ ደረታቸውን ያቃጥላቸው ጀመር። በጾም ጨጓራው የማይነሣበት ማን አለና፣ ጨጓራ ነው ተባለ፤ ተልባ ጠጡ። ልጃቸው ወንጌላዊት ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብላ እያለቀሰች ብትለምናቸው፣ ጾሙ ሳይፈታ መድኃኒት አልቀምስም ብለው ለፋሲካ ማግሥት ቃል ገቡላት። ማክሰኞ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሰግዱ ውለው ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ነፍሳቸው አልነበረችም። ሐኪሙ የልባቸው ደም ሥር መዘጋቱን ነገረን። ገና የ49 ዓመት ሰው ነበሩ።

ባለቤታቸው መምህር ይታያል፣ ልጆቻቸው ወንጌላዊትና ኃይለ ሚካኤል፣ ቀባሪዬ ናት ያሏትን ልጃቸውን ዛሬ የሚቀብሩት እናታችን ወ/ሮ ወለተ ሰንበት፣ እኛም ታናናሾቻቸው በሐዘን ቀርተናል። አንጀታችን ተቆርጧል።

ሰሙነ ሕማማት ነውና ዛሬ ፍትሐት የለም፤ ካህናቱም በመስቀል አይባርኩም። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ በሆሣዕና ዕለት ፍትሐቱን አስቀድማ ታደርሳለች። እሑድ፣ ወ/ሮ የኔአለም ዘንባባቸውን እንደያዙ ከጎናችን ቆመው፣ ፍትሐቱ ለማን እንደሚሆን ሳያውቁ፣ አሜን ብለዋል። አምላክ ያንን አሜን ለራሳቸው ይቁጠርላቸው።