የተቆረጡትን ሦስት ምዕራፎች ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የመጻሕፍት ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

በቅድሚያ ለእርስዎና ለሁለቱ የኮሚቴ አባላት ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም ለዓይናችሁ ብርታትን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ በጡረታ የተገለልሁ ሰው ስሆን፣ የምጽፍልዎትም ለታዳጊዎች ክፍል አስተካክላችሁ ስላቀረባችሁት ልቦለድ ምስጋናዬን በይፋ ለመግለጽ ነው።

መጽሐፉን ላላነበቡ፣ በኮሚቴውም ውስጥ እንዳሉ ስለሰማሁ፣ ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። ከኮረብታ ሥር የሚኖሩ ክንፋም ፍጡራን አንድ ሕፃን ሰርቀው፣ በምትኩ ከእንጨት የተጠረበ አምሳያውን አልጋው ላይ አስተኝተው ይሄዳሉ። ታላቅ እህቱ ልታስመልሰው ትወርዳለች፤ በአሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ መጨረሻም ውሃቸውን ጠጥታ የገዛ ስሟን ትረሳለች። የቀሩት ሦስት ምዕራፎች በምላጭ ተቆርጠው ወጥተዋል። በቦታቸው «ለታዳጊዎች ተስማሚ ሆኖ ተስተካክሏል» የሚል ማኅተም አርፏል፤ ማኅተሙ ቀጥ ብሎ የተመታ መሆኑን ሳላደንቅ አላልፍም።

አንደኛ፣ ስለ አሠራራችሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እንደነገረችኝ፣ ሃያ አንዱን ምዕራፍ ሰባት ሰባት አድርጋችሁ ለሦስት ተካፈላችሁ። ሁለቱ አባላት ድርሻቸውን ሳይገልጡ ፈረሙ፤ የመጨረሻው ሰባት የደረሰዎት እርስዎ ግን በትጋት አንብበው ያስደነገጠዎትን ሁሉ ቆረጡ። የቡድን ሥራ ሳርም ስለኖርሁ ነገሩ አልገረመኝም፤ አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱም እኩል ማርክ ይወስዳሉ።

ሁለተኛ፣ በዚህ የተነሣ በሦስተኛው ምዕራፍ የሚቀላው አንገትና በዘጠነኛው ሰው የሚበሉት ፈረሶች በሰላም በየቦታቸው አሉ። የጠፋው መውጫው ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለውን ተረት ለተማሪዎቼ ሳስረዳ እንዲህ ያለ ምሳሌ ባገኝ ኖሮ ስንት ጠመኔ በተረፈኝ።

ሦስተኛውና የመጣሁበት ጉዳይ የልጄ ልጅ ናት። ዕድሜዋ አሥራ ሦስት ሲሆን የአምስት ዓመት ወንድም አላት። መጽሐፉን ከጨረሰች፣ ይቅርታ፣ መጽሐፉ ካለቀባት ጀምሮ የትንሹን እጅ አትለቅም። ኳስ ሲጫወት አብራው ትሮጣለች። በየማለዳው እውነተኛው ወንድሟ መሆኑን ለማረጋገጥ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም ስለሰለቸው ሆን ብሎ ይሳሳታል፤ ያን ጊዜ ቤቱ በለቅሶ ይሞላል። ተረት እኮ ነው ብዬ ላጽናናት ብሞክር ቀና ብላ አየችኝና፣ «እሱንማ አውቃለሁ አያቴ፤ ግን እኮ እዚያው ትተናት መጣን» አለችኝ።

ስለሆነም እነዚያ ገጾች ካሉበት ተፈልገው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንድንዋሳቸው በትሕትና አመለክታለሁ። አስፈሪ ቢሆኑም ከጎኗ ተቀምጬ አነብላታለሁ፤ የኮሚቴውን የአሠራር መመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቤ በጤና የተነሣሁ ሰው ስለሆንሁ በእኔ በኩል ሥጋት አይግባችሁ።

ልጆቻችንን ከመጽሐፍ መጨረሻ ለሚጠብቀው ክንድዎ ብርታትን፣ ለምላጩም ዕረፍትን እየተመኘሁ፣ ቀይ እስክሪብቶዬን ለጊዜው ከድኜ ያስቀመጥሁ፣

አክባሪዎ፣ ጡረተኛው መምህር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል የልጄ ልጅ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ገባች። ለካ የእርስዎ ሴት ልጅ የክፍል ጓደኛዋ ኖራለች፤ ገጾቹንም ከቢሮዎ መሳቢያ እያወጣች በየቀኑ በዕረፍት ሰዓት አንድ አንድ ምዕራፍ ለክፍሉ ታነባለች። እንዳይቆጧት አደራ፤ ንባቧ ጥርት ያለ ነው አሉ። እስከ ዛሬ በተነበበው የሕፃኑ እህት ስሟን አስታውሳለች፣ ሕፃኑ ግን ገና አልወጣም። አንድ ምዕራፍ ስለቀረ፣ እባክዎ መሳቢያውን እስከ ነገ አይቆልፉብን።