ኦቦ ደበላ ካሉ አለቀ

ጥቅምት 10፣ ሐሙስ፣ ከት/ቤት መልስ

7ኛ «ለ» ዛሬም አድክሞኛል። ትምህርቱ ተመሳሳይ ቃላት። ሰሌዳው ላይ «ብሂል» ብዬ ጻፍኩ። አባባል፣ ቃል፣ ትእዛዝ፣ ብይን እያሉ ደረደሩልኝ። ይቀራረባሉ፣ ክብደታቸው ግን ይለያያል አልኳቸው። አባባል ሰምተው ያልፉታል፣ ብይን ግን ይፈጸማል። ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ስል አንዷ ተነስታ ኦቦ ደበላ ብይን ሰጥተው የአጎቷ በሬ እንደተመለሰ አነበበች። ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። ኦቦ ደበላ አባቴ ናቸው።

እውነቷን ነው። ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን ድንበር የተገፋበት፣ ከብት የጠፋበት ሁሉ እኛ ደጅ ይመጣል። ኦቦ ደበላ ካሉ አለቀ ይባላል። እሑድ ደግሞ የማርቆስ ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ እኚሁ ሰውዬ ፊት ሊቆሙ ነው፣ ማስታወሻዬ። 

ማርቆስ የወላይታ ልጅ ነው። ቡራዩ አንድ ሕንፃ ላይ ሴራሚክ ያነጥፋል። የተዋወቅነው ጸሎት ቤት ነው። ቤተሰቡ ሩቅ ስለሆነ ፎርማኑ አቶ ጳውሎስ ሁለት ሰው ይዘው ይመጡለታል።

ጥቅምት 13፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ጉድ ሆንኩ።

መጡ። አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ እስከዚህ እንደ ወጉ ነው። አቶ ጳውሎስ ጥያቄያቸውን በትሕትና አቀረቡ። አባዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጄ ገና ናት፣ ለባል የደረሰች ልጅ የለኝም፣ በደኅና ግቡ አሉ። ይኼን እኛ ዘንድ የማይል አባት የለም። ሽማግሌ ይለምናል፣ ቀጠሮ ይጠይቃል፣ ይመላለሳል፣ ከዚያ እሺ ይባላል። አያቴ ራሳቸው የአባዬን ሽማግሌዎች ስንቴ መልሰዋቸዋል።

አቶ ጳውሎስ ግን እጅ ነስተው፣ ቃልዎን እናከብራለን አሉና ሰዎቻቸውን ይዘው ወጡ። አባዬ ለልመናው ያዘጋጁት መልስ አፋቸው ላይ ቀረ። በሩን እያዩ ቆሙ። እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ የት ሄዱ አለች። 

ጥቅምት 14፣ ሰኞ

ለማርቆስ ደወልኩ። ድምፁ ሞቷል። ወጉ እኮ ነው፣ ይመለሱ አልኩት። እሱ አመነኝ፣ አቶ ጳውሎስ ግን አሻፈረኝ ብለዋል። ትልቅ ሰው አይሆንም ካሉ በኋላ ደጃቸው መመለስ ንቀት ነው ይላሉ። አባዬን አከብራለሁ ብለው እኔን ሊያስቀሩኝ!

የቡራዩው ሥራ ሊያልቅ ነው። ቅዳሜ ሁሉም ጠቅልለው ዱከም ይገባሉ። ማርቆስ ቁርጡን ንገሪኝ አለ። ምን ልበለው?

እማዬ አባዬን ሰው ይላኩ አለቻቸው። ልጄን ውሰዱልኝ ብዬ ልላክ? አሉ። ያልኩትን ባጥፍ ነገ ማን ይሰማኛል አሉ። ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ እኔም አላውቀውም።

ጥቅምት 16፣ ረቡዕ፣ 12 ሰዓት

አባዬ ጠዋት ለማንም ሳይናገሩ ወጥተው አሁን ገቡ። ቡራዩ አቧራ ነው አሉ፣ ሌላ ምንም።

የቀረውን ማርቆስ ነው የነገረኝ፣ እየሳቀም እያለቀሰም። አባዬ ከዚህ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ አስኮ፣ ከዚያ ቡራዩ፣ ሰው እየጠየቁ ሕንፃው ድረስ ሄደዋል። ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ። ልክ እንደ ሽማግሌ ቆመው፣ እሑድ ያልኩት የወግ ነው፣ ፍርድ አይደለም፣ እንመጣለን ካላላችሁኝ አልቀመጥም አሉ። ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ያያቸዋል። አቶ ጳውሎስ ነገሩ ሲገባቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እንመክርበትና ሌላ ቀን ይመለሱ።» አባዬ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አሉ። እሑድ ይመጣሉ።

ተመስገን። ተመስገን። አባዬ ከቃላቸው ዝንፍ ሲሉ በዕድሜዬ አላየሁም። በዚያ በደከመ ጉልበት፣ በዚያ የታክሲ ግፊያ፣ ለእኔ ብለው። ላመሰግናቸው ፊታቸው ቆምኩ። ጫማቸውን ተቀብዬ አቧራውን ጠረግኩላቸው። 

ጥቅምት 20፣ እሑድ

መጥተዋል። ትናንት ዱከም ገብተው ዛሬ ከዚያ ተነስተው ነው የመጡት። እግዜር ይስጥልኝ። ጓዳ ሆኜ እየጻፍኩ ነው።

አባዬ ዛሬም ልጄ ገና ናት አሉ። አቶ ጳውሎስ ንቅንቅ የለም። ይለምናሉ፣ ያውም አሳምረው። ከየት እንደለመዱት እንጃ፣ ኦቦ፣ ማሎ እያሉ በኦሮምኛ ይማጸናሉ። አባዬ ደስ ብሏቸዋል፤ ድምፃቸው ያስታውቃል።



እማዬ ገባች። ተጠርተሻል አለችኝ። እንዴት? እኛ ቤት ሽማግሌ ፊት ልጅ አትጠራም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። አባዬ ለሽማግሌዎቹ በዚህ ነገር የሚጸናው ቃል የሷ ነው፣ እኔም እንደናንተ ቆሜ እሰማለሁ እያሉ ነው። ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። እውነትም ተነሱ።

 ቆመው እየጠበቁኝ ነው። እወጣለሁ። እሺ እላለሁ፣ አባዬን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። እማዬ እስክሪብቶውን ልትቀማኝ…